ለፋ እና ጀባ

ሎኮ የልብስ ሳሙና ካርቶኑን በቢላ ሰንጥቃ ስትከፍተው ሽታው ወጥቶ አፍንጫዬን መታኝ። ነገሌ፣ መናኸሪያው አጠገብ ባለው ሱቋ ውስጥ፣ የስኳር ጆንያ ላይ ተቀምጬ ነበር።

«ምነው ፊትሽ ተለዋወጠ?» አለችኝ።

«ሽታው ነው።»

«ሐዋሳ ሳሙና የለም እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ።

ሳሙናስ አለ። የሌለው ካርቶኑ ነው። ሳሙናው ከወጣለት በኋላ እንኳ ለወራት የሚሸት፣ ሲቆርጡት ዳር ዳሩ የሚላጥ፣ እርሳስ የሚያንሸራትት ካርቶን። የእኔና የሎኮ የስምንተኛ ክፍል ዓመት በዚህ ዓይነት ካርቶን ላይ ነው የተጻፈው። ለወንድሜ ልጅ ሰርግ ከሐዋሳ ከመጣሁ አራተኛ ቀኔ ነው፤ በየቀኑ እዚህ ሱቅ እመጣለሁ፣ ጆንያው ላይ ቁጭ እላለሁ፣ ሻይ ታስመጣልኛለች፣ የከተማውን ሰው ሁሉ አንድ በአንድ እናነሳለን፣ ከዚያ የመጣሁበትን ሳልናገር ውልቅ ብዬ እሄዳለሁ። የመጣሁበት ነገር ደግሞ የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ነው። አትሳቁብኝ። ለሎኮ መናገር የነበረብኝ፣ በልጅነቴ ያልነገርኳት፣ ካደግኩም በኋላ ያልነገርኳት አንድ ነገር አለ። ሽታው ሲመታኝ ዛሬ ካልነገርኳት መቼም አልነግራትም አልኩ። ግን ከየት ልጀምር?

ያኔ ጎረቤታሞች ነበርን። አባቴ ከሰሜን በሥራ ተመድቦ መጥቶ ነገሌ የቀረ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው፤ እኔ እዚያው ተወልጄ እዚያው ያደግኩ። ሎኮ ከሊበን ገጠር መጥታ አጥር የምንጋራት አክስቷ ዘንድ ነበር የምትኖረው። ትምህርት ቤታችን አንድ፣ ክፍላችን ሁለት። እኔ በአማርኛ እማራለሁ፣ እሷ በኦሮምኛ። በአፍ ከሆነ ሁለታችንም ሁለቱንም እናውቃለን፤ በአጥሩ ቀዳዳ የምንጣላው ጠብ በኦሮምኛ ተጀምሮ በአማርኛ ያልቃል። በጽሑፍ ግን ሌላ ነው። ኦሮምኛ ማለት ለኔ በላቲን ፊደል የሚጻፍ፣ ቁቤ የሚባል፣ በሳምንት ጥቂት ክፍለ ጊዜ የምማረው ነገር ነው። ሀ ሁ ካየሁ አማርኛ ነው። ይህችን ያዙልኝ፤ ጉዱ ሁሉ የመጣው ከዚህች ነው።

ሎኮን ወደ ከተማ ማንም አላመጣትም። አልቅሳ፣ እህል አልበላም ብላ፣ በእንባዋ ነው የመጣችው። ታላቅ ወንድሟ ጉዮ አንድ ቀን ግቢያችን ቆሞ ለአባቴ ሲናገር ሰምቻለሁ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጮክ ብሎ የማያወራ ሰው ነው።

«ሚኒስትሪ ካለፈች ትቀጥል፣ እኔ አልከለክልም። ካላለፈች ግን ትመለሳለች። ሁለት ጊዜ አልልክም።»

አባቴም «ይሁን፣ ትልፋና እናያለን» አለው።

በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነበር። የሎኮ ትምህርት በዚያች ፈተና ላይ ተንጠለጠለ። ሎኮ ሌላውን ትምህርት አትፈራም፤ የምትፈራው ሒሳብን ነው። እኔም ከሷ አልሻልም ነበር። ለዚያውም ሚኒስትሪ የሚባለውን ፈተና በቅጡ አላወቅነውም። እኔ ሚኒስትሩ ራሳቸው ተቀምጠው የያንዳንዳችንን ወረቀት የሚያርሙ ይመስለኝ ነበር። ለሎኮ ነገርኳት።

«የሁሉንም ልጅ?»

«የሁሉንም።»

«ከብት የላቸውም እንዴ? መቼ ይጠብቃሉ ታዲያ?» አለች፤ ከልቧ ነው የጠየቀችኝ፤ እኔም ከልቤ አሰብኩበት።

የሒሳብ አስተማሪያችን በዓመቱ አጋማሽ ወደ ሌላ ቦታ ተዛውረው ሄዱ፤ ተተኪ ይመጣል ተባለ፣ ሳይመጣ መጋቢት ገባ። ያኔ ነው አባቴ ጋሽ ቦሩን የለመነልን። ጋሽ ቦሩ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። ከኛ ሁለት ቤት አልፎ፣ ጓሯቸው ትልቅ የኒም ዛፍ ያለበት። ትልልቅ እጅ፣ በአፋቸው ሁልጊዜ መፋቂያ፣ ሲናገሩ መፋቂያው ከአንዱ ጉንጭ ወደ ሌላው ይዛወራል። እሱን እያየሁ የሚሉትን ሳልሰማ ስንት ጊዜ ቀርቻለሁ።

«አካም፣ ናጋ?» ይሉናል ገና በር ላይ ስንደርስ። «ኮታ፣ ኮታ፣ ኑ ተቀመጡ።»

ሦስት ቀን ብቻ አስተማሩን። በሦስተኛው ቀን አንድ ጥያቄ ጠይቀውኝ አፌን ከፍቼ ስቀር አልተቆጡም። የውሃ ጀሪካኔን ነው የጠቆሙት፤ ከቦኖ ስመለስ ይዣት ገብቼ ነበር።

«ይቺ ስንት ሊትር ናት?»

«አስር።»

«አምና?»

«አምስቷን ነበር የምይዘው።»

«ሃያውን ዛሬ ላሸክምሽ?»

«ኧረ ወገቤ!»

«ሒሳብም ይኸው ነው» አሉ መፋቂያቸውን እያዛወሩ። «ለፈተና የሚዘጋጅ ልጅ ሃያውን አንስቶ ወገቡን አይሰብርም፤ አምስቱንም ይዞ ሲንገላወድ አይውልም። ጥያቄ ሲመረጥ ከአቅም ትንሽ፣ ትንሽ ብቻ ከፍ ያለው ነው የሚመረጠው። ሕጉን ስሙኝ። ከቀላሉ ትጀምራላችሁ። ከአስር ጥያቄ ሰባት ከሠራችሁ ወደሚቀጥለው እለፉ። ሰባት ሳይሞላ ግን እንዳታልፉ! ከሦስት በታች ከሆነ ደግሞ ወደ ታችኛው ተመለሱ። ገባችሁ?»

«ገባን» አልን። ለኔ በሕይወቴ የገባኝ የመጀመሪያው የሒሳብ ትምህርት እሱ ነበር።

በማግስቱ ስንሄድ ጋሽ ቦሩ የሉም። አሬሮ የሚኖሩት ታላቅ ወንድማቸው በጠና ታመው ሰው ተልኮባቸው ገና ሲነጋ በከብት መኪና ሄደዋል። ባለቤታቸው አንድ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ አመጡልኝ። «ለልጆቹ ስጫቸው፣ ይሥሩበት ብሎኝ ነው የሄደው» አሉኝ። ሌላ ቃል አልነበረም።

ቆርቆሮውን ስከፍተው ነው ያ የሳሙና ሽታ የወጣው። ጋሽ ቦሩ የሳሙና ካርቶን እየቆረጡ፣ በያንዳንዱ ላይ አንድ አንድ ጥያቄ ጽፈው፣ ጀርባው ላይ መልሱን አስቀምጠው፣ በሁለት እስር በብስክሌት ላስቲክ አስረዋቸዋል። የማስተማር ዘመናቸውን ሁሉ ያጠራቀሙት ነው፤ አንዳንዱ ጠርዙ ጠቁሯል። ጥያቄዎቹ በሙሉ በአማርኛ ናቸው። በየእስሩ አናት ላይ ደግሞ አንድ አንድ ባዶ ካርድ፣ በላዩ አንድ አንድ ቃል። በአንዱ ላይ «ጀባ» ይላል። በሌላው ላይ «ለፋ»።

እኔ ለማንበብ አንድ ሰከንድ አልፈጀብኝም። ጀባ የአባቴ ቃል ናት። ሸንኮራ ገዝቶ ሲመጣ ቆርጦ «እንቺ፣ ጀባ!» ይለኛል፤ አዲስ እርሳስ ሲሰጠኝ «ጀባ ብዬሻለሁ» ይላል። ስጦታ ናት፤ ያለ ድካም የሚገኝ ነገር። ለፋ ደግሞ ግልጽ ነው፤ የደከመ፣ የተንከራተተ፣ ያላበው። ስለዚህ ጋሽ ቦሩ ቀላሎቹን ጀባ፣ ከባዶቹን ለፋ ብለዋቸዋል። እንዴት ያለ ጨዋታ አዋቂ ሰው ናቸው ብዬ ሳቅኩ። ራሴን ጎበዝ አድርጌ ነበር የቆጠርኩት፣ ወይኔ!

ሎኮ ሀ ሁ እምብዛም አታነብም። ስለዚህ ቆርቆሮው እኔ ዘንድ ሆነ። እኔ ካርዱን አነባለሁ፣ እተረጉምላታለሁ፣ ቁጥሩን በደብተሯ እገለብጥላታለሁ። አለቃ ሆንኩ በሏ። በመጀመሪያው ቀን ኒሙ ሥር ቁጭ ብለን የጀባን እስር ከፈትኩና በኦሮምኛ ነገርኳት።

«ኩን ላፋ» አልኳት። ይሄ ቀላል ነው ማለቴ ነው።

የመጀመሪያው ካርድ እንዲህ ይል ነበር። አንድን የከብት ማጠጫ ገንዳ አንደኛው ቧንቧ በአራት ሰዓት፣ ሁለተኛው በስድስት ሰዓት ይሞሉታል። ገንዳው ቀዳዳ ስላለው የሞላ ገንዳ በአሥራ ሁለት ሰዓት ፈስሶ ያልቃል። ሁለቱም ቧንቧ አንድ ላይ ቢከፈት ገንዳው በስንት ሰዓት ይሞላል?

ሎኮ ደብተሯን ተመለከተች፣ እኔን ተመለከተች።

«ቀዳዳውን ለምን አይደፍኑትም?»

«እኔ ምን አውቄ።»

«ያ ዋቅ! ውሃ እየፈሰሰ ዝም ብሎ የሚያይ ሰው ማነው? እኛ ዘንድ ቢሆን ይደበደባል።»

እውነቷን ነው። እሷ ጉድጓድ ውስጥ ወርደው በባልዲ እየተቀባበሉ ከብት የሚያጠጡ ሰዎች ልጅ ናት። እኔ ግን ሥራው ነው ዋናው ብዬ አራትና ስድስትን ደምሬ አሥራ ሁለት ቀነስኩ። ከዜሮ በታች ሁለት መጣ።

«ሳይጀምሩ ከሁለት ሰዓት በፊት ሞልቷል ማለት ነው?» አለች ሎኮ።

ጀርባውን ስንገለብጠው «ሦስት ሰዓት» ይላል። ሦስቱ ከየት መጣ? ግራ ገባን እንጂ አልገባንም።

ሁለተኛውም እንዲያው። ሦስተኛውም። በመጀመሪያው ቀን ከአስር አንድ ሠራን፣ እሱንም ገምተን። በሳምንቱ እኔ ሁለት ደረስኩ። ሎኮ ስትሠራ ግራ ክንዷን ደብተሯ ላይ አዙራ እንዳላይባት ትከልላለች፤ መልስ ከማሳየት ነጠላዋን ብትጥል ይቀላታል። ክንዷን ስታነሳ ግን ገጹ በላጲስ ተፍቆ ተፍቆ ተቀዷል።

«ስንት ሠራሽ?» ትለኛለች።

«አምስት» እላታለሁ።

ሁለት ሠርቼ አምስት አልኳት። ለምን እንደዋሸሁ ዛሬ ብትጠይቁኝ ምን እላለሁ? አለቃዋ ነበርኩ፤ ቆርቆሮው በእጄ ነበር፤ ቀላሉን ጥያቄ አልቻልኩም ማለት አፈርኩ። በቃ ይኸው ነው። እሷ ግን አመነችኝ። «አንቺ ጎበዝ ነሽ፣ ሲንዱ» ትለኛለች። ስንዱ ነው ስሜ፤ እሷ ሲንዱ ነው የምትለኝ። እኔም ሙገሳዬን ወስጄ ቀጣዩን ካርድ አነብላታለሁ።

የጋሽ ቦሩ ሕግ ጭንቅላቴን አዞረው። ከሦስት በታች ከሆነ ወደ ታችኛው ተመለሱ ብለዋል። ግን እኛ ያለነው ታችኛው ላይ ነው! ከጀባ በታች ምን አለ? ወደየት ነው የሚመለሱት? አንደኛ ክፍል? በልቤ ስንት ነገር አወጣሁ አወረድኩ። ምናልባት ጋሽ ቦሩ እኛን የቆጠሩን ከነበርነው በላይ ነው አልኩ። ምናልባት ለትልቅ ሰው ጀባ የሆነው ለልጅ ጀባ አይሆንም አልኩ። አንድ ቀን ደግሞ ምናልባት እኔ ደነዝ ነኝ አልኩና የሸንኮራ ምጣጭ እያኘኩ አለቀስኩ። እናቴ ጥርሴን ያመመኝ መስሏት በጨው ውሃ አጉመጠመጠችኝ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሎኮ እርሳሷን አስቀመጠች።

«ያኛውን እስር እንየው።»

«የቱን?»

«ሌላኛውን። አንዷን ብቻ።»

እጇን ወደ ቆርቆሮው ስትዘረጋ ክዳኑን ግጥም አድርጌ ዘጋሁባት። እስከዛሬ ድምፁ ጆሮዬ ላይ አለ።

«አይቻልም! ሰባት ሳይሞላ አይታለፍም ብለዋል።»

«አንዷን ብቻ፣ ሲንዱ።»

«እነዚያ ከባድ ናቸው። ከነዚህ ይብሳሉ።»

እጇን መለሰች። እኔ ታዛዥ ልጅ ነበርኩ፤ የትልቅ ሰው ቃል አልጥስም፤ በዚያ ደግሞ እኮራ ነበር። አንዳንዴ ሳስበው ምነው ያን ቀን ብቻ ዱርዬ በሆንኩ እላለሁ።

ዝናቡ የመጣው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ቀዩ አቧራ ጭቃ ሆነ፣ ኒሙ ሥር መቀመጥ ቀረ፣ በአክስቷ በረንዳ ላይ ሆነን እንሠራ ጀመር። ቅዳሜ ዕለት ጉዮ በአይሱዙ ከሊበን መጣ። ለእህቱ ወተት ይዞላት ነበር። እሑድን አደረ። ሰኞ ትምህርት ቤት ልሄድ ስጠራት ሎኮ ዩኒፎርም አልለበሰችም። በጨርቅ የታሰረች አንዲት ጥቅል ይዛለች፣ መኪናው መንገድ ላይ ሞተሩን አስነስቷል።

«ልሄድ ነው» አለችኝ።

«የት?»

«ቤት።»

«ፈተናውስ?»

የገለበጥኩላትን ደብተር አውጥታ ሰጠችኝ። የተቀደዱትን ገጾች በሙጫ ለጣጥፋቸዋለች።

«ላፋው እምቢ አለኝ» አለች። «ለሌላ ልጅ ስጪው።»

መኪናው ላይ ስትወጣ እያየሁ ጉዮ መጥቶ ሊወስዳት ፈልጎ ነው የወሰዳት ብዬ አሰብኩ። ሴት ልጅ ናት፣ ከብት አላቸው፣ እንዲህ ያደርጋሉ አልኩ። በጉዮ በጣም ተናደድኩ። ለአባቴም እንደዚያው ነገርኩት። ያ ሐሳብ ለስንት ዓመት እንደጠቀመኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

ሎኮ ከሄደች በኋላ ተናድጄ፣ ብቻዬንም ሆኜ፣ የጋሽ ቦሩን ሕግ ጣስኩ። ለፋን ከፈትኩት። ዓይኔን ጨፍኜ ነበር ማለት ይቻላል። የመጀመሪያው ካርድ እንዲህ ይላል። ከሞላ በርሜል ውሃ ሁለት አምስተኛው ተቀድቶ መቶ ሃያ ሊትር ቀረ። በርሜሉ ሲሞላ ስንት ሊትር ይይዛል? ሠራሁት። ሁለት መቶ። ገለበጥኩት፤ ሁለት መቶ ይላል።

አላመንኩም። ቀጥዬ ሁለተኛውን ሠራሁ። ልክ። ሦስተኛውን። ልክ። ከአስር አስር።

ደስ ይለኛል ብላችሁ ነው? ፈራሁ። ራሴን ይዤ ቁጭ አልኩ። ስጦታው ያልተቻለ፣ ልፋቱ እንዲህ የሚቀል፣ ይሄ ምን ዓይነት ተንኮል ነው? ወጥመድ አለው፤ እኔ ያላየሁት ነገር አለ ብዬ የሠራሁትን ልክ መልስ እያጠፋሁ ሌላ መልስ ፈለግኩለት። ሰኔ ላይ ፈተናው ሲቀርብልኝም ያው ሆነ። ጥያቄዎቹ ቀለሉብኝ። ቀለሉብኝና አላመንኳቸውም፤ አንዱን ሦስት ጊዜ እየሠራሁ ወረቀቱን በመጨረሻው ደወል አስረከብኩ። «እንዴት ነበር?» አለኝ አባቴ። «አላውቅም» አልኩት። እውነቴን ነበር።

ጋሽ ቦሩ የተመለሱት ከፈተናው በኋላ ነው። ወንድማቸውን ቀብረው ነው የመጡት፤ ከስተዋል። አባቴን ተከትዬ ለቅሶ ሄድኩ። ሰው ሲቀንስ ጠጋ ብለው በእጃቸው ጠሩኝ።

«እሺ፣ ላፋውን በስንት ቀን ጨረሳችሁት? ጀባው ላይ ደረሳችሁ ወይ?»

«ለፋንማ በኋላ ነው የጀመርኩት» አልኳቸው። «ከባድ ስለሆነ።»

መፋቂያቸው ቆመ። «ማን? ላፋው?»

ቆርቆሮውን ይዤ መጥቼ ነበር ልመልስላቸው። ከፈቱት። የላይኛዋን ካርድ አነሱ።

«ይሄ ምን ይላል?»

«ለፋ።»

ካርዷን ወደ ዓይናቸው አስጠጓት፣ አራቋት፣ ከዚያም በዚያ ሁሉ ሐዘናቸው መሃል ፈገግ አሉ። «እግሯን አሳጠርኳታ! ላ ናት እኮ። ላፋ። በኦሮምኛ ነው፣ ልጄ። እኛ መሠረተ ትምህርት ስናስተምር ኦሮምኛን በዚሁ ፊደል ነበር የምንጽፈው፤ እጄ ለምዶበት ለራሴ ማስታወሻ ስይዝ አሁንም እንደዚያው ነኝ። ላፋ፣ ቀላሉ። ጀባ፣ ጠንካራው።»

ላፋ። ለስላሳ፣ ቀላል። እኔው ራሴ በገዛ አፌ «ኩን ላፋ» ብያት ነበር እኮ! ጀባ። ስንለያይ በየቀኑ «ጀባዱ»፣ በርቺ፣ ጠንክሪ የምንባባለው ቃል እኮ ከዚያው ነው። ጆሮዬ ያውቃቸዋል፣ ምላሴ ያውቃቸዋል፣ ዓይኔ ግን ሀ ሁ ስላየ አማርኛ አደረጋቸው። አንዱን ብቻ ብሳሳት አንድ ነገር ነው። ሁለቱም ተገልብጠው፣ ያውም እንዲህ ተስማምተው!

«ሎኮስ?» አሉኝ ጋሽ ቦሩ። «እሷ ላፋውን በሁለት ቀን ነው የምትጨርሰው። ክንዷን አዙራ የምትሠራ ልጅ እንዲሁ አይደለችም።»

«ወደ ቤቷ ሄደች።»

«ለምን?»

«ወንድሟ ወሰዳት» አልኳቸው።

እኔ አለፍኩ። ሁለት ወር ሙሉ ከባዱን ስታገል ሳላውቀው ለምጄው ኖሯል። አባቴ በግ አረደ። ቃሉንም አለኝ፣ «ጀባ!» አለኝ፣ ሥጋውን እያጎረሰኝ። ጉርሻውን ይዤ ወደ ጓሮ ወጣሁ።

ለሎኮ መላክ እችል ነበር። የሊበን መኪና በሳምንት ሁለቴ በደጃችን ያልፋል፤ ሹፌሩን እናውቀዋለን። «ተሳስቼ ነው፣ የሠራሽው ከባዱን ነው፣ ተመለሺ» ብዬ አንዲት ወረቀት በቁቤ ብጽፍ ይደርሳት ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ትፈተን ነበር። ወረቀቱንም ጽፌ ነበር። ግን ስጽፈው አምስት ብዬ የዋሸሁትም ሊወጣ ሆነ፤ ክዳኑን የዘጋሁትም ሊወጣ ሆነ። ወንድሟ እንደሁ አይለቃትም ብዬ ወረቀቱን ቀደድኩት። መኪናውም እንደ ልማዱ አለፈ።

ይኸው ነው እንግዲህ። ሱቁ ውስጥ፣ ጆንያው ላይ ቁጭ ብዬ፣ ሳሙናው እየሸተተኝ፣ ለሎኮ ይህን ሁሉ ነገርኳት። ሳሙና እየደረደረች ነበር የምትሰማኝ። አምስት ሳይሆን ሁለት እንደነበር ስነግራት ነው እጇ የቆመው።

«ወንድምሽ ባይወስድሽ ኖሮ…» ስል አቋረጠችኝ።

«ጉዮ? ጉዮ እኮ ወተት ሊያደርስልኝ ነው የመጣው።» ወደኔ ዞረች። «ውሰደኝ ያልኩት እኔ ነኝ። እሱማ ፈተናሽን ጨርሺ ብሎ ለመነኝ። ቀላሉን አልቻልኩም፣ ሲንዱ እንኳ አምስት ትሠራለች፣ እኔ ራስ የለኝም አልኩት።»

ምን እላለሁ? እንባዬ መጣ፤ እሷ አላየችልኝም፣ ወይም እንዳላየች ሆነች። የተሰነጠቀውን ካርቶን አንስታ ቁራጭ ቀደደችና ከጆሮዋ ላይ እስክሪብቶ አውጥታ ሰጠችኝ።

«ከላፋው አንዷን ጻፊልኝ።»

«ሎኮ…»

«ጻፊልኝ እኮ ነው የምልሽ።»

የበርሜሉን ጻፍኩላት። በቁቤ ጻፍኩላት። ወስዳ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው። አልጻፈችም፤ አየችው ብቻ። ከንፈሯ ትንሽ ተንቀሳቀሰ።

«ሁለት መቶ» አለች።

«ልክ ነው።»

ካርቶኗን በአውራ ጣቷ ለረጅም ጊዜ አሸችው።

«ይህቺን ያኔም እሠራት ነበር» አለች።

ይቅር በይኝ አልኳት፤ አልሰማችኝም መሰለኝ፤ ምን እንዳሰበች፣ ተቆጥታም እንደሆነ፣ ዛሬም አላውቅም። ካርቶኗን ገልብጣ ንጹሑን ጀርባ ወደኔ ገፋችልኝ።

«አሁን ያቺን የምታፈሰዋን ገንዳ አምጫት።»

ጻፍኩላት። አራት ሰዓት፣ ስድስት ሰዓት፣ አሥራ ሁለት ሰዓት። እስክሪብቶውን ነጥቃኝ ወንበሯን ሳበች። አንድ ሰው በር ላይ ቆሞ ሳሙና አለ ወይ ብሎ ጠየቀ።

«ቱሪ» አለችው ቀና ሳትል። ቆይ ማለቷ ነው።

ልረዳት ጠጋ አልኩ። ግራ ክንዷን ካርቶኑ ላይ አዙራ ከለለችብኝ።